እምቢ ማለት የማይችል ሰው

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል ወረደች። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የጨውና የዲን ምድር ላይ ሴቶችን ፊታቸውን ቀለም ቀብታ፣ ደማቅ ልብስ አልብሳ አቆመቻቸው። ሥራው ውሃ ፍለጋ ስለሚደክሙ ሴቶች ነው። የቆሙት ሴቶች ለምን እንደቆሙ ያውቃሉ።

ወደ ቆሼ እንምጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ካሜራዎችም መጡ። ደረቷን የምትደቃ እናት ማን ያስፈቅዳታል? እርግጥ ፎቶ ባይኖር ሐዘኑ ከሰፈሩ ባልወጣ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ወጣቶች ሆይ፣ ስለ ሰውነት ፎቶ ስንጠየቅ ቶሎ ብለን ስለ ልብስ እናወራለን። ለእኔ ልብስ ቀላሉ ጥያቄ ነው። ዘፍጥረት 9ን እዩ። ካም የአባቱን ዕራቁትነት አይቶ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት የኋሊት ሄደው ሸፈኑት። ኖኅ ሰክሮ ተኝቷል፤ እሺም እምቢም ማለት አይችልም።

ቆሼ ላይ ፕላስቲክ የሚለቅመው ልጅስ ይችላል? ብስኩት ይዘን ሄደን፣ አቅፈነው፣ ስልካችንን ስናወጣ? በአንድ እጃችን ብስኩቱን ይዘን እኮ ነው በሌላው የምናነሳው።