ስልክ ሆድን ይገዛልን?

ሰው ከጠላቱ ይልቅ ሆዱን ማሸነፍ እንደሚቸግረው የቀድሞ ሰዎችም ያውቁት ነበር። በዘመናችን ግን ነገሩ በርትቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. 890 ሚሊዮን አዋቂዎች ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ የሚሹ ብዙ ሰዎች የእጅ ስልካቸውን ረዳት አድርገዋል። ስልኩ የበሉትን እንዲጽፉ ያሳስባቸዋል፤ እርምጃቸውን ይቈጥራል፤ የሐኪምን ምክር ያደርሳል።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በመሣሪያ አሳሳቢነት ሆዱን የገዛ ሰው ራሱን ገዛ ይባላልን? አንዳንዱ፤ «ይህስ ታዛዥ ነው እንጂ ራሱን የገዛ አይደለም» ይላል። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አያስኬድም። ዶሮ ሲጮኽ የሚነሣ ገበሬ ትጋቱ የዶሮው አይደለምና። ዶሮው ሰዓቱን ያስታውቃል፤ በሬውን የሚጠምደው ግን ገበሬው ነው።

ሆኖም አስታዋሹ ጌታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው በየቀኑ ሊሞላው የሚደክምለት የ10,000 እርምጃ ቍጥር፤ በዚሁ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. በጃፓን አገር «የአሥር ሺህ እርምጃ መቍጠሪያ» ተብሎ ለገበያ ከወጣ መሣሪያ የተስፋፋ ነው እንጂ፤ ሐኪሞች መርምረው የወሰኑት ልክ አልነበረም። በ9,000 እርምጃ የሚያዝን፤ በ10,000 የሚኰራ ሰው፤ ሳያውቀው ለገበያ ስም ይገዛል።

በአሜሪካ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. ያሳተሙትም ጥናት ያስተምራል። 470 ያህል ጐልማሶች ስለ መብልና ስለ እንቅስቃሴ ተመከሩ፤ ከ6 ወርም በኋላ ለሁሉም ምክሩና አጭር መልእክቱ በስልክ ይደርሳቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ግማሾቹ እንቅስቃሴን የሚቈጥር መሣሪያ በክንዳቸው አሰሩ፤ የቀሩት ግን የሠሩትን ራሳቸው መዘገቡ። በ2 ዓመት መጨረሻ ባለመሣሪያዎቹ በአማካይ 3.5 ኪሎ፤ ሌሎቹ 5.9 ኪሎ ቀነሱ። በአንድ ጥናት ሁሉን መፍረድ አይገባም፤ ቢሆንም መቍጠር ብቻውን መለወጥ እንዳልሆነ ያሳያል።

ደግሞም መሣሪያው ቍጥሩን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያይም። ውፍረት ከመብል ብቻ ሳይሆን ከዘር፤ ከበሽታ፤ ከመድኃኒትም ይመጣልና፤ ቍጥሩ ያልሞላለት ሰው በራሱ ላይ አይፍረድ፤ ባልንጀራውንም «ሆዳም» ብሎ አይናቅ።

እንግዲህ ባለስልኩ ራሱን እንዲህ ብሎ ይመርምር፤ ስልኬን ረስቼ በወጣሁ ቀን መልካሙ ልማዴ አብሮኝ ይሄዳልን? ወይስ ከስልኩ ጋር በቤት ይቀራል? አብሮት የሚሄድ ከሆነ፤ መሣሪያው መልካም ሎሌ ሆኖለታል። በቤት የሚቀር ከሆነ ግን፤ ሰውነቱ ከሳ እንጂ ፈቃዱ ገና አልጠነከረም።