ለማን ብለን እንቀራለን?



ውርጌሳ ውስጥ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ አንድ ወጣት «ስፖርተኞች ሕዝቡን ወደሚበድል መንግሥት አገር ሄደው ቢጫወቱ ምን ወንጀል አለው? ኳስ ኳስ ነው» ሲል ጠየቀኝ።

ኳስ ኳስ የሚሆነው ለተጫዋቹ ነው። በዳይ ገዥ ግን እንግዳ ቡድን ሲመጣለት «ዓለም ተቀብሎኛል» ይልበታል። አላህ በሱረቱ ሁድ ያስጠነቀቀን ከመበደል ብቻ አይደለም፤ ወደ በዳዮች ከማዘንበልም ጭምር ነው።

በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ተገለለች። ከዚህ አቋም ጀርባ ከቆሙት አንዱ የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በሰኔ 1968 ዓ.ም. ደግሞ የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት ረገፉ። በዚያው ክረምት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን እየዞረ ተጫወተ። ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ አልታገድም ስትባል ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 በላይ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ። ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። ዋጋው ከባድ ነበር፤ ነገር ግን «ከእነሱ ጋር አትጫወቱ» ብለው የለመኑት ተበዳዮቹ ራሳቸው ነበሩ።

ይሁንና ያኔ «አንሳተፍም» ያለው ደርግ በገዛ አገሩ ዜጋ ይገድል ነበር። በ1976 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ፣ በ1981 ዓ.ም. ከሴኡል ሲያስቀረን ደግሞ ለተበደለ ሕዝብ አስቦ አልነበረም፤ ለወዳጅ መንግሥታት ብሎ እንጂ። ሎስ አንጀለስ በቀረንበት ክረምት የወሎ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ከጥቂት ወራት በፊት የሰበረው በላይነህ ዴንሳሞም ሴኡል ላይ አልተሰለፈም። መቅረት ሁሉ ፍትሕ አይደለም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት መካ ውስጥ ተበዳይን ለመርዳት በተገባው ቃል ኪዳን፣ በሒልፈል ፉዱል ተገኝተዋል። ከእስልምና በኋላም ወደ መሰሉ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ያ ቃል ኪዳን የተገባው ለገዥ ወዳጅነት ሳይሆን ለተበዳይ መብት ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ሦስት ነገር ጠይቅ። ተበዳዮቹ «አትምጡ» ይላሉ? የምንቀረው ለእነሱ ብለን ነው? በዚያው ሚዛን ቤታችንንስ እንመዝናለን? መልሱ አዎን ከሆነ እንቅር፤ ሸክሙን ግን ለስፖርተኛው ብቻ አንተውለት። ሰሓቦች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ የመጡት ሰው የማይበደልበት ንጉሥ አለ ተብለው ነው። ይህን ስም መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው።

ወላሁ አዕለም።