እውነት ተናግሮ ማታለል

ሰው እውነት እየተናገረ ሊያታልል ይችላልን? እኔ አድርጌዋለሁና ጥያቄው ከራሴ ሕይወት የመጣ ነው።

ለስምንት ዓመት የነዳኋትን አውቶሞቢል ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ አቀረብኩ። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጥሏል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ላለች አሮጌ መኪና ገዢ አይጠፋም።

ደላላው ያመጣልኝ ገዢ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ፣ ከቶንጎ የመጡ አባት ነበሩ። ቦሎዋን አዩ፤ ሞተሩን አስነሱ፤ በሠፈሩ አንድ ዙር ነዷት። ከዚያም «ልጄ፣ አንተ ታምናታለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አባባ፣ ከተማ ውስጥ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም» አልኳቸው።

ቃሉ እውነት ነበር። ነገር ግን ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን አቀበቱን ስወጣ ሞተሯ ግሎ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ቆሜአለሁ። መካኒኩ «ቴስታታው ተከፍቶ ይታይ» ቢለኝም ወጪውን ፈርቼ ከከተማ መውጣት ተውኩ። እሳቸው ደግሞ ከነቀምቴ ወዲያ የዲዴሳን ቆላ ወርደው ሊወጡ፣ ከባምባሲም ወደ ቶንጎ ሊታጠፉ ነው። «ከተማ ውስጥ» የምትለዋን ቃል የመረጥኳት አውቄ ነው።

ነፍሴ ሰበብ አላጣችም። «መካኒክ ይዘው መምጣት ይችሉ ነበር፤ ውሉም ‹ባለበት ሁኔታ› ይላል» አለችኝ። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ሻጭን ስለ ዕቃው ጉድለት ተጠያቂ ያደርጋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት ነካው። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት። ልብ በሉ፤ እህሉን ያረጠበው ዝናብ ነው፤ ነጋዴው በአፉ የዋሸው ነገርም አልተነገረም። የተወቀሰው ስለ ሸፈነው ነው። እኔም እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ አድርጌ ሸጫለሁ።

ጉዳቱ በአንድ ገዢ ላይ አያበቃም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ያሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነበር። ሻጭ ጉድለቱን ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢ ሁሉንም ስለሚጠረጥር ዋጋ ይቀንሳል። ደህና መኪና ያለው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው ብልሹው ነው። እኛ በየቀኑ «ዛሬ ሰው አይታመንም» እያልን የምናማርረው፣ እያንዳንዳችን ባዋጣነው ዝምታ ነው።

በአራተኛው ቀን እንቅልፍ ስላጣሁ ስልክ ደወልኩላቸው። ዘግይቼ ነበር። መኪናዋ የዲዴሳ አቀበት ላይ ቆማ፣ ከሕፃን የልጅ ልጃቸው ጋር መንገድ ዳር አድረዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከፈለጉ መኪናዋን እንዲመልሱ፣ ካልፈለጉ የጥገናውን እንድከፍል ጠየቅኳቸው። ጥገናውን መረጡ። ገንዘቡ ሲደርሳቸው እንዲህ አሉኝ፦

«ብሩ ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥህ። ግን ልጄ፣ ያኔ ብትነግረኝም እገዛት ነበር። ውኃ ጭነን፣ አቀበቱን ሌሊት በቀዝቃዛው እንወጣው ነበር።»

ይህ ንግግራቸው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ገንዘቤ እንዳይቀንስ ብዬ የደበቅሁት ነገር ለእሳቸው የመንገድ ስንቅ ነበር። መኪና ትታመናለች አትታመንም የሚለውን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው የነዳት ሰው ነው። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስንሸጥ «ምን ተጠየቅሁ?» ከማለታችን በፊት «ይህ ሰው ወዴት ሊሄድባት ነው?» እንበል። አላህ (ሱ.ወ.) በንግዳችን በረካን ያድርግልን።