በመድኃኒት ስለሚደርስ ስሕተትና ስለ ዝምታ

ሰው ሳያስበው ስላደረሰው ጉዳት ምን ያህል ይጠየቃል? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ሊቀ ነቢያት ሙሴ በኦሪት ዘሌዋውያን ሳያውቅ ለበደለ ሰው መሥዋዕትን ሲያዝ፥ አለማወቅ በደልን የሚያቀልለው እንጂ ጨርሶ የሚፍቀው አለመሆኑን አስረድቷል። ይህን በጉባኤ ቤት ከመምህራን እግር ሥር ሳለሁ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን በቅርቡ በዲላ ከተማ አንዲት ነርስ እያለቀሰች ይዛው እስክትመጣ ድረስ ክብደቱን አላወቅሁትም ነበር። የመጣችው ለኑዛዜ ሳይሆን ለምክር ነውና፥ ስሟንና የምትሠራበትን ቤት ሳልገልጥ ነገሩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጌዴኦ ምድር ቡና በሚለቀምበት ወራት ነርሲቱ በአንድ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ ነበረች። በአንድ ክፍል ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ተኝተዋል፤ ይህም በአገራችን ብርቅ አይደለም። ለስኳር በሽተኛዪቱ የታዘዘውን የኢንሱሊን መርፌ ለሌላዪቱ፥ ከገጠር ለመጣችው አሮጊት ወጋቻት። ጥቂት ቆይቶ አሮጊቲቱን ላብ አጠመቃት፥ ንግግሯም ተደናገረ። ነርሲቱ ስሕተቷን ያን ጊዜ ዐወቀች። ሐኪሙን በጠራች ጊዜ ግን «እናት ደከሙ» አለች እንጂ የሆነውን አልተናገረችም። ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ስኳሩ ወርዶ ስላገኘው ግሉኮስ ሰጥቶ አተረፋት። በማግሥቱ የአሮጊቲቱ ልጅ «ለእናቴ የተሰጣት ምንድር ነው?» ብሎ አቤቱታ ጻፈ። ባልደረቦቿም «በካርዱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ዝም በዪ፤ ልጆች አሉሽ» ብለው መከሯት። እርሷም «አባቴ፥ ዝም ልበል ወይስ ልናገር?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ልጄ፥ መርፌው ያለ ፈቃድሽ ሆነ፤ ዝምታው ግን በፈቃድሽ ነው» አልኋት።

ሊቃውንት በደልን በፈቃድና ዘእንበለ ፈቃድ ብለው የሚከፍሉት ለቃል ጌጥ አይደለም። የስኳር መውረድ ፈጥኖ ካልታወቀ አንጎልን ይጎዳል፥ ይገድላልም። ሐኪሙ ደሟን ለመመርመር ባያስብ ኖሮ፥ አሮጊቲቱን የሚገድላት መርፌው ብቻ ሳይሆን የነርሲቱም አፍ መዘጋት በሆነ ነበር። ሌላው ኀጢአት በንስሓ አባት ፊት ቢነገር ይበቃው ይሆናል፤ የመድኃኒት ስሕተት ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ መነገር አለበት፥ በዚያች ሰዓት የሚረዳው እርሱ ነውና። የበደለ ሰው ሁሉ እንደ ሳኦል ምክንያት መደርደር ይቀናዋል፤ እንደ ዳዊት በአንድ ቃል ማመን ያስጨንቀዋል። «ዝም በዪ» ያሏትም ባልደረቦች እንደ ወደዷት አስበው ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን ፍቅር ብዬ ልጠራው አልችልም።

ነርሲቱ ያነበበች ናትና እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፦ «አባቴ፥ በአሜሪካ የተናገረችው ምን አገኘች?» ይህ የዓለም ሁሉ ነርሶች የሚያውቁት ነገር ነው። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. በናሽቪል ከተማ አንዲት ነርስ ፍርሃትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ስትፈልግ፥ ስሙ በተመሳሳይ ፊደል የሚጀምር፥ ጡንቻን ሁሉ የሚያስር ሌላ መድኃኒት አውጥታ ለ75 ዓመት በሽተኛ ሰጠች፤ በሽተኛዪቱም ሞተች። ነርሲቱ ስሕተቷን እንዳወቀች ሳትሸሽግ ተናገረች። የሙያ ፈቃዷን ተነጠቀች፥ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለች፥ በግንቦትም የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት ተወሰነባት። ያን ጊዜ ብዙ ነርሶች «ከእንግዲህ ማን ይናገራል?» አሉ። የኬንታኪ ግዛት በ2016 ዓ.ም. ክፋትና ከባድ ቸልተኝነት የሌለበትን የሕክምና ስሕተት ከወንጀል ክስ የሚያወጣ ሕግ ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እውነት የተናገረ ሁሉ ይሸለማል ብዬ ልጅቱን አላታለልኋትም። ነገር ግን ጥያቄዋ ከእርሷ ይልቅ አቤቱታውን የሚሰሙትን ሰዎች ይመለከታል። በኦሪት ዘዳግም እንጨት ሲቈርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው የመማጸኛ ከተማ ተዘጋጅቶለታል። በማኅበሩ ፊት ቆሞ ሳይሰማ እንዳይሞት ታዟል። ሆኖም እንዲሁ ወደ ቤቱ አይሰደድም፤ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ በዚያች ከተማ ይቈያል። የሞተው ሰው ደም አልተናቀም፥ የገዳዩም ስሕተት ክፋት ነው አልተባለም። በአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን አስቦ ከመግደል ይለየዋል፤ እንደ ሐኪምና እንደ ሾፌር የሰው ነፍስ በአደራ በተሰጠው ላይ ግን ቅጣቱን ያከብደዋል።

በዚያው መጽሐፍ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄድ ሌላ ትእዛዝ አለ፤ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። የወደቀው ሰው ባይጠነቀቅም፥ ባለቤቱ መከታ ካላደረገ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያች ሌሊት መከታው ወዴት ነበረ? ለስንት በሽተኛ አንዲት ነርስ ቆመች? ስማቸው አንድ ለሆነ ሁለት ሴቶች በእጃቸው ላይ የካርድ ቍጥር የታሰረበት ነበረን? ኢንሱሊንን የመሰለ አደገኛ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ሁለተኛ ሰው አይቶታልን? የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ከመድኃኒት የሚደርሰውን ከባድ ጉዳት በ5 ዓመት ውስጥ በእኩሌታ ለመቀነስ ጥሪ ሲያደርግ፥ ያተኰረው የአሠራሩን ጕድለት በማቃናት ላይ ነው። አቤቱታ ሰሚዎች ነርሲቱን ብቻ ቀጥተው ፋይሉን ቢዘጉ፥ ጣራው ያለ መከታ ይቀራል፤ የሚመጣውም ተረኛ ከዚያው ይወድቃል።

አቤቱታ የጻፈውን ልጅ የሚወቅሱ አሉ። እናቱ በአልጋ ላይ ስትደናገር ያየ ሰው ቢጠይቅ ምን ያስነውረዋል? ይልቁንም እርሱ ባይጠይቅ ኖሮ ነገሩ ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ነርሲቱ መርፌውንም ዝምታውንም ሳትለይ ቃሏን ጽፋ ሰጥታለች፤ ካርዱንም ሳትነካ እንዳለ ትታዋለች። ውሳኔው ገና አልደረሰም። ሌላም ልመና ነበራት፤ ወደ አሮጊቲቱ ቤት ብቻዋን ለመሄድ ፈርታ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ለልጁ መልእክት ልከንበት «ይምጡ» ብሏል፤ ቅዳሜ ጧት እንሄዳለን።