የመርማሪው አማና

አንድ ሰው በቸርነት ተነሣስቶ ለድሃ ሥጋ ሰጠ እንበል። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታይ መርዝ አለ፤ ሰጪውም አያውቅም፣ ተቀባዩም አያውቅም። ሰጪው ይወቀሳልን? ብዙዎቻችን «ስላላወቀ አይወቀስም» ብለን እንመልሳለን። መልካም። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሰው መጣና ሥጋውን መርምሮ መርዙን አየ እንበል። ቢናገር ድሃው ሥጋውን ያጣል፣ ሰጪው ይቀየማል፣ እርሱም የቸርነት ጠላት ይባላል። ዝም ቢል ድሃው ይበላል። ይህ ሰው ምን ማድረግ አለበት? ይናገር ካልንስ፣ ምን ያህሉን ይናገር?

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ለክርክር ተብሎ የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ግዛት የደረሰ ነገር ነው።

በዚያ አገር ሰዎች በፈቃድ አጋዘን ያድናሉ። ከቤታቸው የተረፈውን ሥጋ አስፈጭተው ለችግረኞች ምግብ ለሚያድሉ ድርጅቶች ይሰጣሉ። በጎ ልማድ ነው። ታዲያ ራሳቸው አዳኝ የሆኑ አንድ ሐኪም ለችግረኞች ከተሰጠው የተፈጨ ሥጋ መቶ የሚጠጉ ጥቅሎች ሰብስበው በራጅ አዩ። ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የብረታ ብረት ፍንጣሪ ታየ። ጉዳዩንም ለግዛቱ ባለሥልጣናት አስታወቁ። ባለሥልጣናቱ በበኩላቸው ናሙና አስመርምረው ፍንጣሪው እርሳስ መሆኑን አረጋገጡ። የጤናው መሥሪያ ቤትም ድርጅቶቹ በእጃቸው ያለውን የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ እንዲያስወግዱ መከረ።

እዚህ ላይ እርሳስ ስል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለቴ አይደለም። በእርሱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው። የምናገረው ከጥንት ጀምሮ ጥይት ስለሚሠራበት ከባድና ለስላሳ ማዕድን ነው። ክብደቱና ልስላሴው ለጥይት አስመረጠው፤ ጉዳቱንም ያመጣው ያው ልስላሴው ነው። ከጠመንጃ በከፍተኛ ፍጥነት የወጣ የእርሳስ ጥይት ገላ ውስጥ ሲገባ ይፈረካከሳል። የሚኒሶታ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት በበጎች በድን ላይ የተለያዩ ጥይቶችን አስተኩሶ ሲመረምር፣ የእርሳስ ብናኝ ከቁስሉ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ተገኝቷል። ስለዚህ «ቁስሉን ዙሪያውን ቆርጬ ጥዬዋለሁ» የሚለው አዳኝ አልዋሸም፤ ግን ሥራው አልበቃም። እርሳስ ለሰውነት አንዳች ጥቅም የለውም፤ ከሁሉ በላይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት አያስከትልም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። በአንጻሩ ከመዳብ የተሠራ ጥይት ጫፉ ተከፍቶ ይሰፋል እንጂ እምብዛም አይፈረካከስም። እርሳስ አልባ ጥይት ይመርመር፣ ይሞከር፣ ውጤቱም ይነገር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሐኪሙ እንመለስ። ሥራቸው ይፋ እንደሆነ ሦስት ወቀሳዎች ተሰነዘሩባቸው።

አንደኛው፣ «ሰውየው ወገንተኛ ናቸው» የሚል ነው። ሐኪሙ አዳኝ አእዋፍን የሚንከባከብ ድርጅት የቦርድ አባል ነበሩ። ያ ድርጅት ደግሞ የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለውን ታላቅ ጥንብ አንሳ ለማዳን ይሠራል። ይህ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ላይ የቀረው ቁጥር 22 ብቻ ነበር፤ ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው በጥይት የተመታ እንስሳ ትራፊ በልቶ የሚውጠው እርሳስ ነው። ካሊፎርኒያም በዚህ ሳቢያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በግዛቱ ሁሉ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። እንግዲህ ሐኪሙ ለወፉ የሚያደላ ልብ ነበራቸው ማለት ሐሰት አይደለም። ግን ከዚህ ምን ይከተላል? ጥይት የሚሠራውና የሚሸጠውም ወገን ጥቅም አለው። ጥቅም ወይም ዝንባሌ ያለው ሁሉ ዝም ይበል ካልን የሚናገር አይገኝም። የምስክር ዝንባሌ ቃሉን ደግሞ ለመመርመር ምክንያት ነው፤ ቃሉን ለመጣል ግን ምክንያት አይሆንም።

ደግሞም የመርማሪ ምስክርነት ከሌላው ምስክርነት የሚለይበት ነገር አለ። የመንገድ ላይ ጠብ ያየ ሰው «አየሁ» ሲል ጠቡን መልሶ ሊያሳየን አይችልም፤ እርሱን ማመን ወይም አለማመን ነው። መርማሪ ግን «እኔ እንዳደረግሁት አድርጉ፤ ያየሁትን ታያላችሁ» ይላል። የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። የመርማሪ የመጀመሪያው አማናም ከዚህ ይመነጫል፦ ማን እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደከፈለ፣ ናሙናውን ከየት እንዳመጣ፣ በምን መሣሪያ እንዳየ ሳይደብቅ መናገር። ጥይቱን ከፋብሪካ በነጻ ተቀብሎ ሞክሮ የሚያሞግስ ጸሐፊም ከዚህ ግዴታ አይወጣም።

ሁለተኛው ወቀሳ «ናሙናው በዕጣ የተመረጠ አይደለም» የሚል ነበር። ይህ ተገቢ ወቀሳ ነው። መቶ በሚጠጉ ጥቅሎች ላይ የታየውን ይዞ «የግዛቱ ሥጋ ከግማሽ በላይ የተበከለ ነው» ማለት አይቻልም። ነገር ግን «እርሳስ በሥጋው ውስጥ አለን?» የሚለው ጥያቄ «ስንቱ ውስጥ አለ?» ከሚለው የተለየ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ጥቅልም ይበቃል። ተቺው ሁለተኛውን ጥያቄ ይዞ የመጀመሪያውን መልስ ሊያፈርስ አይችልም፤ መርማሪውም የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ሁለተኛውን እንደመለሰ ሊናገር አይገባውም።

ሦስተኛው ወቀሳ ከሁሉ የከበደ ነው፦ «ሥጋውን ከድሃው አፍ ነጠቃችሁ።» በእርግጥ ሥጋው ሲጣል ጾሙን ያደረ ቤት ይኖራል። ታዲያ እርሳስ ያለበት ሥጋ ከባዶ ድስት አይሻልምን?

የዚህን መልስ ከመስጠታችን በፊት ቀጥሎ የሆነውን እንመልከት። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከግዛቱ ጋር ሆኖ የ738 ሰዎችን ደም መረመረ። የአደን ሥጋ የሚበሉት ሰዎች ደም በአንድ ዴሲ ሊትር በአማካይ 0.30 ማይክሮ ግራም ያህል ተጨማሪ እርሳስ ተገኘበት። በዚያን ጊዜ አሳሳቢ ይባል የነበረው መጠን 10 ማይክሮ ግራም ሲሆን ከተመረመሩት መካከል እዚያ የደረሰ አልነበረም። ወዲያው አንዱ ወገን «ጨምሯል» አለ፤ ሌላው «ማንም አልታመመም» አለ። ሁለቱም ከአንድ ወረቀት የሚመቻቸውን ቀደው ወሰዱ። የጤናው መሥሪያ ቤት ግን ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በእርሳስ ጥይት የታደነ ሥጋ ባይበሉ እንደሚሻል መከረ።

አሁን ልብ እንበል። ያ የ10 ማይክሮ ግራም ወሰን ለሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 5፣ በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 ዝቅ ተደረገ። በ2008 «ከወሰኑ በታች ነው፣ አትስጉ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ቃሉ ዛሬ አርጅቷል። ቁጥሩን ራሱን የጻፈ ሰው ግን ቃሉ ዛሬም ይሠራል፤ አንባቢው በአዲሱ መስፈርት መልሶ ሊመዝነው ይችላልና። ፍርድ መስፈርቱ ሲለወጥ ይወድቃል፤ በትክክል የተለካ ነገር ግን እንደተለካ ይኖራል። መርማሪ ፍርዱን ብቻ ነግሮን ልኬቱን ቢደብቅ፣ ወደፊት የምንፈርድበትን መብት ወሰደብን ማለት ነው።

ለሦስተኛው ወቀሳ መልሱም እዚህ ላይ ይገኛል። ባለጸጋው አዳኝ ከፈለገ ሥጋውን ይተወዋል፤ ከፈለገ የመዳብ ጥይት ይገዛል። ድሃው የሚበላው የተሰጠውን ነው። ምርጫ የሌለው ሰው ያለው አንድ ሀብት እውነቱን ማወቅ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ምርጫው ባነሰ መጠን የመርማሪው የመናገር ግዴታ ይከብዳል። «ከባዶ ድስት ይሻላል» የሚለውን ፍርድ መፍረድ ያለበት ድስቱን የጣደችው እናት እንጂ ሥጋውን በራጅ ያየው ሰው ወይም ጥይቱን የሸጠው ነጋዴ አይደለም። ለእርሷ ግን ማንም ምንም አልነገራትም ነበር።

አደን በሸሪዓችን በሥርዓቱ የተፈቀደ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን የምንበላው ሐላል ብቻ ሳይሆን ጦይብም እንዲሆን ታዘናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ አንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት ታሪኩን የማያውቅ የለም። ባለእህሉ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ዝናቡ የእርሱ ጥፋት አልነበረም፤ የተወቀሰው እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው። በመነሻችን ላነሣነው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ይህ ጸሐፊ አላገኘም። ሰጪው ሳያውቅ በሰጠው አይወቀስም፤ ካወቀ በኋላ ከሥር ቢያደርገው ግን ይወቀሳል።

ይህ ሚዛን እርሳስን በሚቃወሙት ላይም ይሠራል። «እርሳስ አልባ» ማለት «ጉዳት አልባ» ማለት አይደለም። በማሳቹሴትስ በሚገኝ የወታደሮች ማሠልጠኛ በእርሳስ ፈንታ ተንግስተን ያለበት ጥይት ሲተኮስ ቆይቶ፣ ተንግስተኑ ወደ አፈርና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ መግባቱ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዲቆም ተደርጓል። ይህን ከሥር አድርጎ የመዳብን በጎነት ብቻ የሚያወራም ያው ባለእህል ነው።

አዳኞችም «በብረት የተሠራው ፍንጣሪ አቁስሎ ይለቃል እንጂ አይገድልም» ይላሉ። እንስሳን በከንቱ ማሠቃየት ቀላል ነገር አይደለምና ሊመረመር የሚገባው ስጋት ነው። በቴክሳስ በዋኖሶች ላይ ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ተኳሾቹም መዝጋቢዎቹም የትኛው ጥይት እርሳስ፣ የትኛው ብረት እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከ5,000 በላይ ተኩስ ተመዝግቦ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሰው ዝንባሌውን በምኞት አያስወግደውም፤ እንዲህ ባለው አሠራር ግን መንገዱን ሊዘጋበት ይችላል። ይህ ፈተና የተናገረው ስለ ዋኖስ ነው፤ ስለ አጋዘን ተናግሯል ማለት ግን ሌላ ውሸት ይሆናል።

ምርመራ ከሌለ ምን እንደሚቀር የብሪታንያ ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዘጠኝ የአደን ማኅበራት በ5 ዓመት ውስጥ የእርሳስ ፍንጣሪን በፈቃዳቸው ለመተው ቃል ገቡ። ተመራማሪዎች በቀጣዩ ክረምት ለምግብ ከተሸጡ ፌዛንት ከተባሉ ወፎች ፍንጣሪ አውጥተው ሲያዩ፣ ከ180ው ወፎች በ179ኙ ውስጥ የተገኘው እርሳስ ነበር። ቃሉ በጋዜጣ ላይ፣ እርሳሱ በወፉ ውስጥ! በመጨረሻም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 በሕግ ለመከልከል መወሰኑን አስታወቀ።

«እኛ ከተሜዎች አናድን፤ ይህ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ሲቀላቀል የሰማን ሰዎች ይህን ልንጠይቅ አይገባንም። ከመካከላችን ሚዛን የያዘ፣ ላቦራቶሪ የገባ፣ የመጋዘን ቁልፍ የተሰጠው፣ ለጋዜጣ የሚጽፍ አለ። እያንዳንዳችን ሌላው ሊያየው የማይችለውን የምናይበት ቦታ አለን። በዚያ ቦታ ላይ ያየነውን ለወገናችን ቢመችም ባይመችም፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ፣ ከነልኬቱ ለሚበላው ሰው ማድረስ አማናችን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን ስንት ሕፃን እንደሚበላ ማሰብ የእኛ ፋንታ ነው።