ቻርጀር ላይ የሚያድር ወርቅ

ልጆቼ፣ ሰንበቴ ላይ የማየው ነገር ዝም አላሰኘኝምና ልናገር። ሽማግሌ ቆሞ ሲመርቅ ወጣቱ «አሜን» የሚለው ዓይኑን የእጅ ሰዓቱ ላይ ተክሎ ነው። ሰዓቱ ይነዝራል፣ ይበራል፤ እሱም ጎንበስ ይላል። ይህ ነውር ነው። ከነውሩ ይልቅ የቆጨኝ ግን ዋጋውን የሰማሁ ዕለት ነው፤ ዕቁቡ በደረሰው ማግስት ነው አሉ የገዛው።

ስማርት ሰዓት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ልቡን የሚያመው ሰው ምቱን ቢከታተልበት፣ ጥበቡን የሰጠ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን የሚያንገበግበኝ ለጌጡና ለስሙ የሚፈሰው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አፕል ባለ 18 ካራት የወርቅ ሰዓት አወጣ፤ ዋጋው ከ10,000 እስከ 17,000 ዶላር። በዚያው ወቅት የአልሙኒየሙ ከ349 ዶላር ጀምሮ ይሸጥ ነበር። የሁለቱም ሆድ ዕቃ አንድ ነው፤ ሁለቱም ማታ ማታ ቻርጀር ይፈልጋሉ። በዓመት ከመንፈቁ የወርቁ ሽያጭ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ ያንን የመጀመሪያ ትውልድ ሰዓት ጥሎት አለፈ። ሦስት ዓመት! 17,000 የከፈለውም 349 የከፈለውም እኩል ቀሩ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ አንዲት የወርቅ ሀብል ነበረቻት፤ ለጥምቀትና ለሰርግ ካልሆነ ከሣጥን የማትወጣ። አባቴ ታሞ ቤታችን ሲጎድል ፒያሳ ወርቅ ቤት ይዛኝ ሄደች። ባለሱቁ ሀብሏን ሚዛን ላይ አኖረ፣ ግራሟን አየ፣ በዕለቱ ዋጋ ብሩን ቆጠረላት። መቼ ተሠራች፣ ጊዜዋ አልፎባታል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔና እህቴ የዚያን ዓመት የተማርነው በዚያች ሀብል ነው። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ባዶ አንገቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ፣ ስለ ደብተራችን ታወራን ነበር።

እናንተ ግን በወርቅ ዋጋ ገዝታችሁ ለክፉ ቀን የማይደርስ ዕቃ ታስራላችሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ሦስት ዓመት! ተበድሮ መግዛቱንማ አታንሱብኝ። አሜሪካ ያለች እህቱን፣ ያውም ሌሊት ፈረቃ የምትሠራውን፣ «ውዱን ላኪልኝ» የሚል ወንድምም አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ደውሎ ይቅርታ ይጠይቃት።

መግዛት ግድ የሆነበት ካለ ዝቅተኛውን ዋጋ ይያዝ። ሻጩንም እዚያው ፊት ለፊት ይጠይቀው፦ ባትሪው ሲደክም እዚህ አገር ማን ይቀይረዋል? መለዋወጫውስ አለ? ሶፍትዌሩ እስከ መቼ ይታደሳል? ሻጩ መልስ ካጣ ብሩን ይዞ ይመለስ።