ስም ጠሪዎች ወይስ ወንድሞች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሥጋ ስንወለድ አባትና እናታችንን መርጠን አልመጣንም። በመንፈስ ግን ወንዶች በ40፥ ሴቶች በ80 ቀናችን ተጠምቀን ዳግመኛ ተወልደናል። በዚያች ዕለት የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት የሆነን ሰው በእግዚአብሔር ፊት ኃላፊነታችንን ተቀብሏል። ስናድግም የንስሐ አባት ይዘናል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ዝምድና በስም ብቻ አትተወውም፤ በክርስትና አባትና በክርስትና ልጁ መካከል ጋብቻን የምትከለክለው እውነተኛ ዝምድና ነው ብላ ስለምታምን ነው።

ጌታችንም እናቱና ወንድሞቹ በውጭ ቆመው ባስጠሩት ጊዜ፥ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚያደርግ ሁሉ ቤተ ሰቡ መሆኑን አስተምሯል (ማር. 3፥31-35)። ፈቃዱን የሚያደርግ አለ እንጂ ስሙ በመዝገብ የተጻፈ አላለም። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አንብበነዋል። የገባን ግን ባለፈው ክረምት ነው።

ወደ ከተማችን ወደ ሮቤ ለትምህርትም ለሥራም ከሩቅ አገር የሚመጣ ወጣት ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከወሎ መጥቶ በልብስ ስፌት የሚተዳደር፥ ከመዘምራን ጋር የሚያገለግል ወንድማችን ነበር። በአንድ እሑድ የስም ጥሪ ላይ «ቀሪ» ተባለ። በሁለተኛውም፥ በሦስተኛውም እንዲሁ። በአራተኛው እሑድ ደንባችን ተነበበና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈለት። ሦስት ሆነን ደብዳቤውን ይዘን በጭቃው መንገድ ወደ ተከራየበት ቤት ሄድን።

ወንድማችን በታይፎይድ ተይዞ ተኝቶ አገኘነው። አጠገቡ የቤቱ ባለቤት፥ አንዲት ሙስሊም እናት፥ አጥሚት ይዘው ተቀምጠዋል። ሐኪም ዘንድ የወሰዱት፥ ሌሊቱንም ያስታመሙት እርሳቸው ናቸው።

«ልጆቼ፥ ምኑ ናችሁ?» አሉን።

«ወንድሞቹ ነን» አልን።

ጥቂት ዝም ብለው፥ «እኔማ ዘመድ የሌለው መስሎኝ ነበር» አሉ።

እኒህ እናት ሊነቅፉን አልተናገሩም። ነገር ግን እንደዚያ ቀን አፍረን አናውቅም። ደብዳቤውም ከኪሳችን አልወጣም። ስናመሰግናቸው፥ ወላጆቻቸው ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በእግር የሚጓዙትን መንገደኞች ያሳድሩ እንደ ነበርና እንግዳን መቀበል ከዚያ እንደ ለመዱ ነገሩን። ሃይማኖታችን የተለያየ ነው። ይሁን እንጂ በዚያች ክፍል ውስጥ እኛ እንደርገዋለን ብለን የተማርነውን እርሳቸው ሲያደርጉት አየን።

ቅዱስ ጳውሎስ በሮም በታሰረ ጊዜ በእስያ የነበሩ ብዙዎች ትተውት ነበር። ሄኔሲፎሩ ግን በሰንሰለቱ ሳያፍር በዚያች ሰፊ ከተማ ፈልጎ ፈልጎ አገኘው (2ጢሞ. 1፥15-18)። ከእኛ አዳራሽ እስከ ወንድማችን ቤት ሩብ ሰዓት እንኳ አያስኬድም።

ከመካከላችን «ታዲያ የስም ጥሪ ይቅር ወይ?» የሚል ይኖራል። አይቅር። እረኛም በጎቹን ይቆጥራል፤ የሚቆጥረው ግን የጎደለውን ለመሰረዝ ሳይሆን ጉም ሳይውጠው ለመፈለግ ነው። እኛ መቁጠሩን ተምረን መፈለጉን ዘንግተን ነበር። ከዚያ ወዲህ «ቀሪ» የተባለ ስም ሲኖር፥ በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሁለት ሆነን ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ወንድማችንም ድኖ ወደ መዘምራኑ ተመልሷል። ቅሬታውን አንድ ቀን እንኳ አላሰማንም፤ ይህም ሌላ ትምህርት ሆነን።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ እምነትን መከተል በመንገዱ ላይ የቀረውን ዞር ብሎ ማየት ነው። «እኔ ብታመም ማን ይመጣልኛል?» ከማለታችን በፊት፥ «እኔ ወደ ማን ሄጃለሁ?» እንበል። ዛሬ ከጎናችሁ ያለው ወንበር ባዶ ከሆነ መልሱን ከዚያ ጀምሩ።

የጠፋውን ሊፈልግ የመጣ አምላክ እርስ በርሳችን የምንፈላለግ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።